ደልፍት በቶተንሃም በኩል

እትዬ አልታየሽ የሆላንዷን ከተማ ደልፍትን በእግራቸው ዞረው የጎበኙት ለንደን፣ ቶተንሃም ሰፈር ውስጥ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። እኔ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ስተረጉም ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር መሳቅ እንኳ አልቻልኩም።

እትዬ አልታየሽ ያሳደገኝ አጎቴ የጋሼ መኩሪያ ሚስት ናቸው። ጋሼ መኩሪያ የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። በወጣትነታቸው መንግሥት ለትምህርት ደልፍት ልኳቸው አንድ ዓመት ተቀምጠው ተመልሰዋል። አንድ ዓመት ብቻ! ያቺን አንድ ዓመት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አወሯት። ዝናብ ሲዘንብ ደልፍት፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ደልፍት፣ ጎረቤት አጥር ሲገፋ ደልፍት። ቦዩ፣ ድልድዩ፣ የተንጋደደው የቤተ ክርስቲያን ግንብ፣ ጥሬ ዓሣ በጭራው አንጠልጥሎ የሚውጠው ሕዝብ። እኛ ልጆቹ የሰፈራችንን ቀበሌ ቁጥር ሳናውቅ የደልፍትን ድልድዮች እናውቅ ነበር።

ወሬያቸውን የሚጨርሱት ሁልጊዜ «አልታዬ፣ አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ» ብለው ነው። እትዬም ሁልጊዜ «ውሃ ላይ የተሠራ ከተማ ሄጄ ምን ልሠራ? ልዋኝ?» ይሏቸዋል። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ደልፍት የድሮ ተማሪዎች ጉባኤ አለ ተብለው ከነሚስታቸው ተጠሩ። እትዬ ጉልበቴን ያመኛል አሉ። ጋሼም «ያለ አንቺ ምን አደርገዋለሁ» ብለው ቀሩ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። እኔ ሂትሮው አየር ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በቀን ለስንት መንገደኛ ስንቅ የምቋጥር ሴትዮ፣ ለአጎቴ ቀብር መሳፈሪያ ፈቃድ አጣሁ።

እንግዲህ እትዬ ባለፈው ዓመት እኔን ሊጠይቁ ለንደን ሲመጡ፣ ገና በርበሬውን ከሻንጣ ሳያወጡ «ደልፍት ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ሐሳባቸው ገባኝ። አልተናገሩም እንጂ ጉልበታቸውን ያኔም አላመማቸውም ነበር። ቪዛ አፕላይ አደረግንላቸው። የሆላንድ ቆንስላ «ከሚኖሩበት አገር ያመልክቱ» ብሎ መለሰን። እትዬ ሰሙና «ግድ የለም» አሉ።

እንግዳ ሆኖ «ግድ የለም» የሚል ሐበሻ ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። እትዬ ቁርስ ላይ «ግድ የለም» አሉ። ምሳ ላይ አሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የአየር ጠባይ የሚነግረው ሰውዬ «ነገ ይዘንባል» ሲል «ግድ የለም» አሉት። የመመለሻቸው እሑድ ደግሞ እየቀረበ ነው። እኔ ስናደድ ድስት እፈትጋለሁ፤ በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ያልነጣ ድስት አልነበረም።

መፍትሔውን ያመጣው ባሌ ሳህሌ ነው። ሳህሌ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የተሰደደ፣ በለንደን አውቶቡስ የሚነዳ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ስልኩን ይዞ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይኸውልዎት፣ ዳውንሎድ አደረግኩልዎት። ኦዲዮ ዎክ ይባላል። ደልፍትን በእግሩ ለሚዞር ሰው እየመራ፣ በጆሮው እያስረዳ የሚያስጎበኝ ነው። ቢያንስ ድምፁን ይስሙት።»

አንድ አረጋዊ የሆላንድ ሰው፣ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ፤ አሁን ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል» አሉ። እኔ ተረጎምኩ። እትዬ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሡ።

«እኚህ ሰው አሁን ያዩናል?»

«አያዩም እትዬ። አስቀድሞ የተቀዳ ነው። እሳቸው ዝም ብለው ያወራሉ፣ የሚሰማቸው ሰው እየተከተለ ይሄዳል» አላቸው ሳህሌ።

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እኛ ደልፍት አለመሆናችንን በምን ያውቃሉ?»

ሳህሌ ስልኩን አየ፣ እኔን አየኝ። በዚህ ዓይነት ቅዳሜ ጠዋት ጉዞ ተነሣን።

እትዬ ለደልፍት ብለው አዲስ አበባ ያሰፉትን ግራጫ ካፖርት ለበሱ፣ ከላይ ነጠላቸውን ጣል አደረጉ። ቦርሳቸው ውስጥ ፓስፖርታቸውን ከተቱ።

«ፓስፖርት ለምን?» አልኩ።

«አገር ልንለውጥ አይደለም እንዴ?»

ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ፓስፖርቱን አውጥተው ለሳህሌ ዘረጉለት። ሳህሌ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ፊታቸውንና ፎቶውን አስተያይቶ፣ በአውራ ጣቱ መታበት። «እንኳን ወደ ሆላንድ በደህና መጡ!»

«ከልክለውኝ ነበር እኮ» አሉ እትዬ በጥርጣሬ።

«ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ።»

የኤርፎኑን አንዱን ጫፍ እኔ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ፣ ሌላውን ሳህሌ ሰካ። ሰውየው መናገር ጀመሩ። ዐረፍተ ነገራቸው ረዘም ሲልብኝ ልተረጉም ብዬ ስልኩን አቆምኩት።

«ምን አደረግሽ?» አሉ እትዬ።

«ፖዝ አደረግኩት። እስክተረጉም ነው።»

«ሽማግሌ እየተናገሩ አፋቸውን ትዘጊያለሽ? እንዲህ ነው ያሳደግንሽ?»

«እትዬ፣ የተቀዳ ድምፅ ነው!»

«ቢቀዳስ? ሰው አይደሉም?»

ከዚያ በኋላ ማቆም ቀረ። ሰውየው ሲናገሩ እኔም እናገራለሁ፣ እሳቸው ሲቀጥሉ እኔ ገና ያለፈውን እጨርሳለሁ፤ አስተርጓሚ ሳልሆን የሚያባርሩት ሌባ መሰልኩ። እትዬ ደግሞ በየመሐሉ ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ።

ሰውየው «በስተግራዎ አሮጌው ቦይ አለ» አሉ። በስተግራችን የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጥበት ቤት አለ። «ቦይ አለ» ብዬ ተረጎምኩ።

እትዬ ዶሮ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ውሃውስ?»

ሳህሌ ከዶሮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ ያቆረውን የዝናብ ውሃ በጣቱ አሳያቸው። ውስጡ የድንች ጥብስ ይንሳፈፋል።

«ይህቺ ናት? መኩሪያ ጀልባ ይሄድባታል ነበር ያለኝ» አሉ እትዬ። ግን ሳይረግጧት በጥንቃቄ ዞሩ።

«ወደ ግራ ይታጠፉ» አሉ ሰውየው።

«እዚህ ጋ ሌፍት ተርን ክልክል ነው» አለ ሳህሌ።

«በእግራችን እኮ ነው!»

«ቢሆንም» አለ፤ ጎተተኝና ወደፊት ቀጠልን። ሳህሌ አውቶቡስ ሳይዝም አውቶቡስ ነው።

ስለ ተንጋደደው ግንብ ሲመጣ ቸግሮን ነበር። ቶተንሃም ውስጥ የተንጋደደ ብዙ ነገር አለ፣ ግንብ ግን የለም። ሳህሌ አንድ መኪና የገጨውን የመብራት ምሰሶ አገኘ። ሰውየው «የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከሥሯ የተደፈነ ቦይ ስለነበር መሬቱ አልቻላትም፤ ግንቧ ገና ሲሠራ ነው ማዘንበል የጀመረው» አሉ። ተረጎምኩ።

«እስካሁን ይጸለይባታል?» ሲሉ እትዬ ጠየቁ።

«ይጸለይባታል።»

እትዬ ወደ ምሰሶው ቀረቡ፣ አማተቡ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ተሳለሙት። አንድ ውሻ ይዞ ምሰሶው ጋ የመጣ ሰውዬ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ውሻው ለምን ወደዚያ እንደመጣ እኔና ሳህሌ ገብቶናል፤ እትዬን በዘዴ ገለል አደረግናቸው።

«ትልቅ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ እትዬ ዞር ብለው እያዩት። «መንጋደዱን ግን አልዋሸም።»

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ሰውየው ስለ ባሩድ ፍንዳታው ተናገሩ። ከብዙ ዘመን በፊት የባሩድ መጋዘን ተቃጥሎ የከተማውን ሩብ ያህል አውድሟል፣ ብዙ ሰው ሞቷል። እትዬ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሕዝብ አንድ በአንድ እያዩ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሏቸው። አንዲት ሴት «ቴንክ ዩ» አለች። በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። የመጪው ነገር ማሟሻ መሆኑን በምን ልወቅ?

ዌስት ግሪን መንገድ ላይ ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከፊት ለፊትዎ ያለው፣ ታላቁ ሰዓሊ የኖረበትና የሞተበት ቤት የነበረበት ቦታ ነው» አሉ። «ሰዓሊው በድንገት ታሞ በአርባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ፤ የተቀበረው ቅድም ባለፍናት በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሚስቱንና አሥራ አንድ ልጆች ትቶ ነው የሞተው።»

እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ።»

«ቤቱ ይኼ ነው?»

ከፊት ለፊታችን ያለው የሰቢሃ ሱቅ ነው። ሰቢሃ የወሎ ልጅ ናት፤ ቅመም፣ ሽሮ፣ የጸጉር ቅባትና የሰው ወሬ ትሸጣለች፤ የመጨረሻውን በነፃ ነው። ምን ልበል? ሰውየው ‹ከፊት ለፊትዎ› ብለዋል። «ይኼ ነው» አልኩ።

«እና ለቅሶ ቤት ደጃፍ ደርሰን ዝም ብለን ልናልፍ ነው?»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ወደ ገበያው ቀጠሉ...»

«ይቀጥሉ። እሳቸው በየቀኑ የሚያልፉበት ነው፣ ደርሰዋል። እኔ እንግዳ ነኝ። ከእንግዲህ መቼ ተመልሼ እመጣለሁ?»

ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሱቁ በር ላይ ያለ የሽንኩርት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ለወጉ ያህል ነበር፤ ከንፈር መምጠጥ፣ «አይ ሰው» ማለት። ከዚያ «ሚስቲቱ፣ ሚስቲቱ ምን ይዋጣት!» አሉና እንባቸው መጣ። የምራቸውን ነው። እኔ እትዬ እንዲህ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ።

ሰቢሃ ከሱቋ ወጣች። እትዬን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ስልክ በእጄ፣ ኤርፎን በጆሮዬ።

«ምንድን ነው? መርዶ ነው?»

«አይደለም ሰቢሃ፣ ይኼ...»

«በስልክ ነው የሰማችሁት?»

«በስልክ ነው፣ ግን...»

«ያ ረቢ! መንገድ ላይ ነገርሻቸው?» ጩኸቷ እስከ ባቡር ጣቢያው ተሰማ። «አንቺ ሰው ነሽ? መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤታቸው ተገብቶ፣ ተቀምጠው ነው እንጂ! ለንደን እንዲህ ታድርግሽ?»

«ሰቢሃ፣ አንድ ጊዜ ስሚኝ...»

«ዝም በይ!» ወደ እትዬ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ ማን ነው?»

«ሰዓሊ ነው ልጄ» አሉ እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ። «በአርባ ሦስት ዓመቱ። አሥራ አንድ ልጅ ጥሎ።»

«አሥራ አንድ!» ሰቢሃ ደረቷን መታች። ከዚያ ሱቅ ገብታ የፕላስቲክ ወንበሮች እየጎተተች አወጣች፤ ውሃ በካርቶን አወጣች፤ ስልኳን አንሥታ «ለቅሶ አለ፣ ሱቄ ጋ፣ አሁኑኑ» ማለት ጀመረች። እኔ ሳህሌን ፈለግኩ፤ እሱ ቢያንስ ያስረዳልኛል። ሳህሌ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቁን መቆጣጠር አቅቶታል። ለሽሮ የመጣ አንድ ሰውዬ ግን የሚያለቅስ መስሎት አቅፎት «አይዞህ ወንድሜ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም» ይለዋል፤ እሱ ባጽናናው ቁጥር ሳህሌ ይብስበታል።

ሰው መጣ። ሐበሻ ለሠርግ ያረፍዳል፣ ለቅሶ ሲባል ግን ከየት እንደሚወጣ እንጃ። ከቅድስት ማርያም ጽዋ የሚመለሱ ሴቶች መጡ። አንድ የሚኒካብ ሹፌር ተሳፋሪውን መኪና ውስጥ ትቶ መጣ። ማንም ሟቹን አያውቅም፣ ማንም አላውቅም አይልም። «ጥሩ ሰው ነበር» አለች አንዷ። «እጁ ወርቅ ነበር ይላሉ» አለች ሌላዋ፤ ይህቺኛዋ እንኳ ሳታውቀው ትክክል ነበረች።

በመጨረሻ አቶ ገብረመድኅን ደረሱ። አቶ ገብረመድኅን የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ፀጉር አስተካካይ ቤት ሳሉ ነው ስልኩ የደረሳቸው፤ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ፣ ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ መጡ። እንዲያም ሆነው ግርማ ሞገሳቸው አልቀነሰም።

ለእትዬ እጅ ነሡ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ። ሟች የእድሩ አባል ነበሩ?»

«አይመስለኝም» አሉ እትዬ።

«ግድ የለም፣ ሰው ናቸው። አስከሬኑ የት ነው ያለው?»

«ተቀብሯል። እዚያው ደልፍት፣ ያቺ የተንጋደደችዋ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ!» አቶ ገብረመድኅን በአድናቆት ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ትልቅ ክብር ነው። ወደ አገር ቤት አይላክም ማለት ነው?»

«አገሩ እኮ ነው።»

አቶ ገብረመድኅን አንገታቸው ላይ ያለውን ፎጣ አስተካከሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍቅርተማርያም፣ መቼ ነው ያረፉት?»

ከእንግዲህ መሸሻ አልነበረኝም።

«በአሥራ ስድስት መቶ ሰባ አምስት» አልኩ።

አቶ ገብረመድኅን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «በእኛ ነው፣ በእነሱ?»

ሳህሌ ከግድግዳው ላይ ተንሸራትቶ ቁጭ አለ። እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቪዛውን፣ ኤርፎኑን፣ ዶሮ ቤቱን፣ ምሰሶውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰቢሃ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ እጇ አልበቃትም። የሚኒካብ ሹፌሩ «የኔ ተሳፋሪ!» ብሎ ሮጠ። አቶ ገብረመድኅን ግን አልሳቁም። የተላጨው ግማሽ ራሳቸው ቀላ።

«እናቴ» አሉ ቁጣቸውን በአክብሮት ሸፍነው፣ «ከሞተ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ላለፈው ፈረንጅ እንዲህ ይለቀሳል? ይኼ ሁሉ እንባ ለማን ነው?»

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«ለመኩሪያ ነው» አሉ። «ባለቤቴ ነው። እሱ ሲሞት ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ማን በላ፣ ማን ጠጣ፣ ማን ወንበር አጣ ስል አላለቀስኩም። ሰዉ ሲወጣ ደግሞ እንባዬ ደረቀብኝ። ይህቺን ከተማ ላሳይሽ ነይ እያለኝ ነው ያረጀው። ጉልበቴን ያመኛል አልኩት። አላመመኝም ነበር። ሰነፍኩ፣ ናቅኩበት። አሁን ያቺ ሚስቲቱ ስትባል... እሷስ ቢያንስ አብራው ኖረችበት።»

ሰቢሃ ሳቋን ዋጠች። እኔ ሂትሮው ሆኜ፣ ሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ የጋሼን ሞት የሰማሁበት ቀን ታወሰኝ፤ ያኔ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ነው የተመለስኩት። አሁን እትዬ እግር ሥር አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ናፍቀውኛል። ያ ሁሉ የደልፍት ወሬያቸው ናፍቆኛል።

አቶ ገብረመድኅን ፎጣቸውን ከአንገታቸው ፈተው አጠፉ። አንድ ወንበር ሳቡ። «እንግዲህ ወንበሩ ወጥቷል፣ ሰውም መጥቷል» አሉና ተቀመጡ። «ነፍስ ይማር። አቶ መኩሪያ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ነዝናዛ» አሉ እትዬ።

ከዚያ ስለ ጋሼ ነገሩን። አንድ ክረምት የሰፈሩ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ቤት ሲገባ፣ ጋሼ ቦቲ ጫማ አድርገው በር ላይ ቆመው ሆላንዶች ውሃን እንዴት እንደሚገድቡ ለጎረቤት ሲያስረዱ፣ ከኋላቸው የሳሎኑ ምንጣፍ ተንሳፍፎ እንደወጣ። ገበያ ሄደው ጥሬ ዓሣ ገዝተው፣ በጭራው ይዘው ሊያሳዩን ሲሉ ድመቷ እንደቀደመቻቸው። እትዬ የጋሼን ድምፅ እያወጡ ሲናገሩ አቶ ገብረመድኅን እንኳ በተላጨው በኩል ሳቁ። ሰቢሃ ለሁሉም ሻይ በወረቀት ኩባያ አዞረች።

እትዬ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውየውስ? ቆመው እየጠበቁን ነው?»

ስልኩን አየሁት። ድምፁን ወደ ኋላ ጎትቼ ወዳቆምንበት መለስኩት። «እየጠበቁ ነው።»

«በሉ ተነሡ፣ ነውር ነው።»

ሁሉም ተነሣ። እውነቴን ነው፣ አንድ ሰው አልቀረም፤ ሰቢሃ ሱቋን ዘጋች። እኔ ከፊት እየጮኽኩ እተረጉማለሁ፣ ሳህሌ የትራፊክ መብራት ላይ ሰዉን እያቆመ ያሳልፋል፣ የጽዋ ሴቶቹ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ፣ አቶ ገብረመድኅን በግማሽ ራሳቸው ከእትዬ ጎን ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ፖሊሶች የመኪናቸውን ፍጥነት ቀንሰው አዩንና የሃይማኖት ሰልፍ መስለናቸው መሰለኝ መንገድ ለቀቁልን። የገበያውን አደባባይ አለፍን፤ የመኪና ማቆሚያ ነበር። የከተማውን ማዘጋጃ ቤት አለፍን፤ የጎማ መጠገኛ ነበር። እትዬ ለሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጉዞው የሚያልቀው ውሃ ዳር ነው። እዚህ ላይ ሳህሌ ኮራ፤ እውነተኛ ውሃ ነበረው። ቶተንሃም ሄልን አልፈን ሊ ወንዝ ዳር ወረድን። ማካፋት ጀምሯል። እትዬን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፣ እኛ ዙሪያቸውን ቆምን። ውሃው ቡናማ ነው፤ መሐሉ ላይ የገበያ ጋሪ ተገልብጦ ጎማው ይታያል፤ ዳክዬዎች በላስቲክ ከረጢት ይጣላሉ።

ለመጨረሻው የኔን ኤርፎን እትዬ ጆሮ ላይ ሰካሁላቸው፤ ራሳቸው ይስሙ ብዬ። እኔ የሳህሌን ተጋራሁ። ሰውየው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጉዟችን እዚህ ላይ አበቃ እያሉ ነው» አልኳቸው። «ውሃውን ይመልከቱ፣ ያምራል አይደል? እያሉ ነው።»

እትዬ ውሃውን ረጅም ጊዜ አዩት። ጋሪውን አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስልኩ «በጣም ያምራል! ደክመውልናል፣ ዕድሜ ይስጥልን!» አሉ። ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።

ኤርፎኑን ከጆሯቸው አውልቀው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት፤ ሰውየው እንዳይሰሟቸው መሆኑ ነው። ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አስቀያሚ ከተማ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። «መኩሪያ ሲያወራት ግን ታምር ነበር። ምነው አንዴ እሺ ብዬ አብሬው መጥቼ፣ አስቀያሚ ናት ብዬ ፊት ለፊቱ ነግሬው በነበር።»